ከአተር የሚያንሱ ኳሶች

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 23፣ 2012

ፍጹም ዛሬ አርባ ዓመት ሞላው። ኤቨረት ከተማ ባለው ፋብሪካ አብረውት የአውሮፕላን ዕቃ የሚገጥሙት ጓደኞቹ ስጦታ ሰጥተውታል። ሰዓት ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ከትንሽ ሳጥን ውስጥ ከአተር የሚያንሱ፣ የሚያብለጨልጩ የብረት ኳሶች ወጡ። ማግኔት ናቸው። እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ እንደ ዶቃ ይያያዛሉ፤ ሲፈልግ ቀለበት፣ ሲፈልግ ማማ ይሠራባቸዋል። ባለቤቴ ኬኩን ረስቶ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ከጠረጴዛው ሳይነሣ ዋለ።

"ጭንቀት ያበርዳል ይላሉ፣ ማኔ። ለትልቅ ሰው ነው የተሠራው" ይለኛል። ትልቅ ሰው ፍለጋ ቤቱን ብዞር አጣሁ።

ሳጥኑ ላይ በደቃቅ ፊደል "ከልጆች ሁሉ ይራቅ" የሚል አለበት። በእኛ ቤት ልጅ ማለት ናኦድ ነው። ሁለት ዓመቱ ነው፤ መሬት የወደቀ ነገር ሁሉ አፉ ውስጥ ይገባል። ባለፈው ሳምንት የኮቴን ቁልፍ ከጉንጩ አውጥቻለሁ። ስለዚህ ሳጥኑን ፍሪጁ አናት ላይ ሰቀልኩት። ትልቋ ልጄ ማርያማዊትማ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሰቨንዝ ግሬድ ገብታለች፤ በቁመት ልትበልጠኝ ምንም አልቀራት። ከአባቷ ጎን ተቀምጣ በኳሶቹ አበባ ሠራች። ሁለቱን ሳያቸው ደስ አለኝ።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 26

ማርያማዊት ምላሷን ልትበሳ ትፈልጋለች።

በትክክል ነው የሰማሁት፤ ሁለት ጊዜ አስደግሜያታለሁ። የጓደኛዋ እህት ተበስታለች አሉ፤ ስታወራ ብልጭ ይላል አሉ። "ማሚ፣ ኢትስ ናት ኤ ቢግ ዲል" አለችኝ።

"ምላስ ለመናገሪያ ነው የተፈጠረው፤ ጌጥ መስቀያ አይደለም" አልኳት።

"ጆሮዬን በሕፃንነቴ ስታስበሺ ማን ጠየቀኝ?"

ይህንን በጠራ አማርኛ ነው ያለችው። ሌላ ጊዜ "ምሳ በላሽ?" ስላት በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ፣ ክርክር ሲመጣ አማርኛዋ ይፈታል። ፍጹም የማታ ፈረቃው ሊገባ ጫማውን እያሰረ፣ "ጠበቃ ወልደናል" ብሎ ሳቀ። እሱ ሲስቅ ደግሞ እኔ ይብስብኛል።

"ምላስሽ ላይ ብረት ያየሁ ቀን እናት አለኝ እንዳትዪ!" አልኩ።

ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። አልወረወረችውም፤ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

ትንሽ አበዛሁት መሰለኝ። ደግሞ አላበዛሁም። ምላስ!

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 30

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እትዬ ደስታነሽን ይዘናቸው መጣን። ከእኛ ሁለት ቤት አለፍ ብለው ነው የሚኖሩት፤ እኔ ሥራ፣ ፍጹም እንቅልፍ ላይ ስንሆን ናኦድን የሚጠብቁልን እሳቸው ናቸው። የሰፈራችንን የቢከን ሂልን ዳገት ሲወጡ ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ ሲወርዱ ደግሞ የበለጠ።

ፍጹም ማማውን እየገነባ ነበር። "ይሄ ማግኔት ነው?" ብለው ጠየቁ።

"አዎ፣ እትዬ።"

"ለጉልበት ፍቱን ነው እኮ! በሬዲዮ ሰምቻለሁ።"

"ሳይንስ አይደግፈውም" አላቸው ፍጹም በትሕትና።

"ሳይንስህ ጉልበቴን አይቶት ያውቃል?"

አንድ እፍኝ ወስደው ረጅም ካልሲያቸው ውስጥ፣ ልክ ጉልበታቸው ላይ ወሸቁት። ሊሄዱ ሲነሡ የሻይ ማንኪያው ጉልበታቸው ላይ ተለጥፎ አብሯቸው ተነሣ። ማርያማዊት ሶፋው ላይ እስክትወድቅ ሳቀች። ከረቡዕ ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 4

ሥራ ሲያጣድፈኝ ዋለ። እዚህ ሶዶ የሚሉት ሰፈር ያለው መጋዘናችን የሬስቶራንት ዕቃ ይሸጣል፤ ሰሞኑን ቆጠራ ነው። ቀን ድስት ስቆጥር ውዬ ሌሊት ድስት አልማለሁ።

የፍጹም ማማ አጥሯል። ኳሶቹ ቀንሰዋል።

ናኦድ??

አፉን ከፍቼ አየሁ። ጥርሶቹ ብቻ ናቸው፤ ነከሰኝ።

እትዬን ኮል አደረግኩ። "ስንት ነበር የወሰዱት?" ስላቸው፣ "የተሰጠኝን የምቆጥር ሰው መሰልኩሽ?" ብለው ተቀየሙኝ። አንድ እፍኝ ግን አንድ እፍኝ ነው። የጎደለው እሳቸው ጉልበት ላይ መሆን አለበት።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 5

የናኦድ ዳይፐር ንጹሕ ነው። ማለቴ ንጹሕ አይደለም፤ ማግኔት የለበትም። ፍጹም፣ "ምን ፈልገሽ ነው?" ሲለኝ፣ "ያንተን ጭንቀት ማብረጃ" አልኩት።

ማርያማዊትንም ጠየቅኳት፤ ለወጉ ያህል። ከስልኳ ቀና ሳትል፣ "ናኦድ ሊወስደው አይችልም፣ አይደርስበትም" አለችኝ። እውነቷን ነው። አስተዋይ ልጅ ናት።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 9

ማርያማዊት አዲስ አነጋገር አምጥታለች። "ሰላም" ስትል "ተላም" ይመስላል። ስትስቅ አፏን በእጇ ትጋርዳለች። የዚህ አገር ልጆች በየወሩ አነጋገር ይለዋውጣሉ፤ ባለፈው ዓመት ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ እንደ ጥያቄ ነበር የሚያልቀው። ፍጹም ግን፣ "ጥርሷ እየተዛባ ይሆናል፣ ብሬስ ያስፈልጋታል" አለ። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ልይዝ ነው።

ዛሬ ከሥራ ቀደም ብዬ ገባሁ። ወጥ ቤት ስገባ በማንኪያ ጀርባ ፊቷን እያየች አገኘኋት። በድንጋጤ ዓይኗ ፈጠጠ፤ የሆነ ነገር ያነቃት መሰለኝ። ጀርባዋን መታ መታ አድርጌ፣ "ውኃ ጠጪ" አልኳት። ጠጣች።

"ምን ሆንሽ?"

"ናቲንግ።"

እንዴት ጥርት አድርጋ ነው ያለችው! አነጋገሯ ተስተካክሏል። ቀጠሮውን ልተወው ይሆን?

ዓርብ፣ ኦክቶበር 12

"ሆዴን አመመኝ" ትላለች። ዛሬ የሂሳብ ፈተና አለ። እኔም ተማሪ ነበርኩ፤ በፈተና ቀን ያልታመመ ሆድ አልነበረኝም። ዝንጅብል አፍልቼ አጠጥቻት ላክኋት።

ትወናዋ ጥሩ ነው። ጎንበስ ብላ ነው የሄደችው።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 13

ሆዱ አልተዋትም። ፈተናው ደግሞ አልፏል።

ቁርስ ላይ በራልኝ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው! ሆድ ሲያም፣ ፊት ሲጠቁር፣ ምግብ ሲያስጠላ ሌላ ምን ይሆናል? ፍጹምን ከናኦድ ጋር ፓርክ ላክሁትና አልጋዋ ጫፍ ተቀመጥኩ። እናቴ ያልነገረችኝን ሁሉ ለልጄ እነግራታለሁ ብዬ ከቆረጥኩ ቆይቻለሁ። ስለ ሴትነት፣ ስለ ማደግ፣ ስለ ተፈጥሮ ሕግ አወራሁ። መሀል ላይ ላብ አጠመቀኝ። ስለ አበባ ሁሉ ተናገርኩ መሰለኝ።

እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ፣ "ማሚ፣ ይሄንን ፊፍዝ ግሬድ ተምረነዋል። እሱ አይደለም" አለች።

"ታዲያ ምንድነው?"

አየችኝ። አፏን ከፈተች። "ናቲንግ" አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

ካፈረች በኋላ መጨቅጨቅ ጥሩ አይደለም ብዬ ወጣሁ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 15

አስመለሳት። ክሊኒክ ደወልኩ። ነርሷ፣ "ቫይረስ እየዞረ ነው፤ ፈሳሽ ስጫት። ሕመሙ ከባሰ ወይ ትኩሳት ካመጣ ግን ይዘሻት ነይ" አለችኝ። ሥራ ቀረሁ፤ አለቃዬ ደስ አላለውም።

እትዬ ደስታነሽ ሾርባ ይዘው መጡ። ትኩር ብለው አዩዋት። ከዚያ፣ "ማንአልሞሽ፣ ይቺ ልጅ እንደ ፅንስ ተጠቅልላ ነው የምትተኛው። ይሄ ጉንፋን አይደለም" አሉኝ።

"እርስዎ ደግሞ ማግኔት ይሻላታል እንዳይሉኝ" ብዬ ቀለድኩ። እሳቸው ሳቁ። ማርያማዊት አልሳቀችም፤ ብርድ ልብሷን ፊቷ ላይ ሳበች።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 16

ትኩሳት። ያስመለሳት አረንጓዴ ነው። ሆዷን አታስነካም። ናኦድ እትዬ ጋ ነው። ፍጹም ስልክ አያነሣም፣ ማሽን ላይ ነው። እየሄድን ነው።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 18

ሆስፒታል ነኝ። ማርያማዊት አጠገቤ ተኝታለች። ትተነፍሳለች፤ አሁንም አየሁ፣ ትተነፍሳለች።

እንደ ሆነው ልጻፈው።

ማክሰኞ ኢመርጀንሲ ስንደርስ ዶክተሯ ሆዷን ጫን ስታደርገው ልጄ ጮኸች። ትርፍ አንጀት ሳይሆን አይቀርም ተባለ። "አስተርጓሚ ልጥራልሽ?" ስትለኝ ኮራ ብዬ፣ "እንግሊዝኛ እችላለሁ" አልኩ። ከዚያ የተጠየቅኩትን ሁሉ "የስ፣ የስ" እያልኩ ተቀበልኩ። መድኃኒት የማይስማማት አለ? የስ። ማለትሽ የለም? የስ። ማርያማዊት እያቃሰተች፣ "ማሚ፣ ፕሊዝ፣ አስተርጓሚ ይምጣ" አለች። በዚያ ሕመም ውስጥ ሆና አፈረችብኝ ብዬ ተናደድኩ። አስተርጓሚው ለራሷ እንደሚያስፈልጋት አላወቅኩም።

አቶ ዱሬሳ የሚባሉ ሰው መጡ። የወለጋ ሰው ናቸው፤ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ትከሻቸው በር የሚሞላ፣ ድምፃቸው ከበሮ። ወዲያው ዶክተሯ ኤክስሬዩን ይዛ ተመለሰች። በልጄ ሆድ መካከል ሦስት ነጫጭ ክብ ነጥቦች ተጠጋግተው ይታያሉ። "የዶቃ ዓይነት ነገር ቤት ውስጥ አላችሁ?" ብላ ጠየቀች።

እኔ ሳቅኩ። "ሕፃኑ እኮ ቤት ነው። ይቺ ትልቋ ናት" አልኩ። እንዲህ ብያለሁ።

ማርያማዊት ማልቀስ ጀመረች። ዓይኗን ከእኔ አሽሽታ ለዶክተሯ በእንግሊዝኛ ተናገረች፤ አቶ ዱሬሳም እንደ ሙያቸው ደንብ፣ "እኔ" እያሉ ወደ አማርኛ መለሱት።

"ማግኔት ነው" አሉ በዚያ ከበሮ ድምፃቸው። "አንዱን ከምላሴ ላይ፣ አንዱን ከሥር አደርጋቸዋለሁ። ይጣበቃሉ፤ የተበሳሁ ያስመስለኛል። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ትምህርት ቤት ጓደኛዬ ስታስቀኝ አንዱን ዋጥኩት። ምንም ስላልሆንኩ በነጋታው ሌላ ተካሁ። እናቴ ድንገት ወጥ ቤት ስትገባ ሁለቱንም ዋጥኳቸው።" እዚህ ላይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልነግራት ፈልጌ ነበር። ግን ምላሴ ላይ ብረት ካየች እናት እንደሌለኝ ነግራኛለች።"

እንግሊዝኛውንም ሰምቼዋለሁ። ገብቶኛልም። ግን በደንብ የሰማሁት ያ ሽበታም ሰው "እናቴ" እያሉ ሲነግሩኝ ነው። ሲጨርሱ ዓይናቸውን ወደ ወለሉ ጣሉ። እኔም እዚያው ወለል ላይ ነበርኩ፤ በዓይኔ።

ዶክተሯ አስረዳችን። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ተጣብቀው ቢገቡ አብረው የመውጣት ዕድል ነበራቸው። አንዱ ቀድሞ ወርዶ፣ ሁለቱ ተከትለው ሲመጡ ግን፣ አንዱ በአንደኛው የአንጀት እጥፋት፣ ሁለቱ በሌላው ሆነው ተሳሳቡ። አቶ ዱሬሳ የሁለት እጃቸውን ጣቶች አጋጥመው አሳዩኝ። "እንደ ልብስ መቆንጠጫ አንጀቷን መሃል አድርገው ነክሰውታል። የተነከሰው ሥጋ ደም አያገኝም፤ ይሞትና ይበሳል" አሉ። አሁኑኑ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል ተባለ።

ፍጹም ከኤቨረት ሲደርስ ገና ከነሥራ ጫማው፣ ባጁ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነው። የአይ-ፋይቭ አውራ ጎዳናን መጨናነቅ እንዴት እንዳለፈው አይነግረኝም፤ ባይነግረኝ ይሻላል። ማርያማዊት አልጋዋ እየተገፋ ስትሄድ፣ "ሶሪ፣ ዳዲ፣ ኳሶችህን..." አለችው። ፍጹም ግድግዳውን ይዞ ቆመ።

ስንጠብቅ፣ "እኔ ነኝ ያመጣሁት" አለ።

"ዝም በልና ሻይ አምጣልኝ" አልኩት። ከእኔ አፍ ይቅርታ የሚወጣው በዚህ መልክ ነው። ያውቀዋል መሰለኝ፤ እንደምወደው ስኳር አብዝቶ አመጣልኝ። ሳጥኑን የሰቀልኩትማ እኔ ነኝ። አንብቤውም ነበር፤ "ከልጆች ሁሉ" ይል ነበር።

ቀዶ ሐኪሙ ሲወጣ ፊቱን አይቼ ተነሣሁ። አንጀቷ ሁለት ቦታ ተበስቷል፤ ሰፍተውታል። መግል መያዝ ጀምሮ ነበር፤ አጥበውታል። "አንድ ቀን ብትቆይ ኖሮ" ብሎ ጀመረና አቶ ዱሬሳን አየ። አቶ ዱሬሳ ወደ እኔ ዞረው፣ "ትድናለች ነው የሚለው" አሉኝ። ትርጉሙ እንዳጠረ አውቄያለሁ። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 20

ሐኪሞቹ አንድ ነገር እየጠበቁ ነው። ፈስ።

ቀልድ አይደለም። አንጀቷ ሥራ መጀመሩ የሚታወቀው በእሱ ነው፤ እስከዚያ ምግብ የለም። በየሰዓቱ አንዲት ነርስ ብቅ ትልና በፈገግታ ትጠይቃለች። ማርያማዊት በኀፍረት ትራሱን ፊቷ ላይ ትደፋለች። ፍጹም ምንም እንዳልሰማ ጋዜጣ ይገልጣል፤ ጆሮው ግን ወደ አልጋው ነው።

እትዬ ደስታነሽ ደወሉ። "ፈሳች?"

"ገና ናት፣ እትዬ።"

"ስለት ገብቼላታለሁ።"

ለፈስ ስለት የገባ ሰው ከእሳቸው በፊት የለም መሰለኝ። ግን ሠራ! ከሰዓት በኋላ፣ ክፍሉ ጸጥ ባለበት፣ መጣ። ትንሽ ናት፣ ግን አልተጠራጠርንም። ፍጹም ጎል እንደገባለት ሰው ዘለለ። እትዬ በስልክ እልል ሲሉ ናኦድ ከበስተጀርባ ደንግጦ አለቀሰ። "ፕሊዝ፣ ለማንም እንዳትነግሪ!" አለችኝ ማርያማዊት። ለማንም አልነገርኩም፤ ደብተር ሰው አይደለም።

ፍጹም ሊበላ ሲወጣ ብቻችንን ሆንን። ስለዚያ ቃል ልናገር ብዬ ከማክሰኞ ጀምሮ ዓረፍተ ነገር ስሠራ ስንድ ሰንብቻለሁ። "ያን ቀን ያልኩሽ..." ብዬ ስጀምር፣

"አይ ኖው፣ ማሚ" አለች።

"አታውቂም። ሰው ሲናደድ የሚናገረው ሁሉ እውነት አይደለም። ምላስሽን ሠላሳ ቦታ ብትበሺውም እናትሽ ነኝ።"

ጣሪያውን እያየች ትንሽ አሰበች። "ሶ... ልበሳው?"

"አይሆንም!"

ሳቀች፤ ስፌቱ አማት፣ "አታስቂኝ!" እያለች እንደገና ሳቀች። "መበሳቱንስ ተበስተሻል፣ ቦታው ነው የተሳሳተው" ስላት ትራሱን ወረወረችብኝ። ጉልበቷ እየተመለሰ ነው።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 25

ቤት ገብተናል። ማርያማዊት ሩዝ በላች። ደግማ ጠየቀች።

ፍጹም ኳሶቹን በቴፕ ጠቅልሎ አስወገዳቸው። ሌላ እንዳይቀር ብሎ ኳሶቹ እንዲጣበቁበት የብረት ትሪ በሶፋና በአልጋ ሥር ሲጎትት ዋለ። ሁለት አገኘ፤ አንዱ ከናኦድ መጫወቻ መኪና ሥር ነበር። አሳየኝ፤ ሁለቱንም በቴፕ ጠቀለልናቸው።

እትዬም የእሳቸውን በመሐረብ ቋጥረው አመጡ። "ልክ ጉልበቴ ሊድን ሲል" ብለው ተነፈሱ። ከዚያ ማርያማዊትን ግንባሯን ስመው ደረጃውን ያለ ድጋፍ ወረዱ። ማግኔቱ እውነት አሽሏቸው ከሆነም እኔ አልነግራቸውም።

ከሥራ ቀናት ስለጎደሉብኝ አለቃዬ ይነጫነጫል። ይነጫነጭ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 8

ምሳ ሰዓት ነው፤ መጥበሻ መደርደሪያው ጀርባ ቆሜ ነው የምጽፈው።

አሁን ማርያማዊት ከትምህርት ቤት ደወለች። በእረፍት ሰዓቷ ደውላልኝ አታውቅም። "ሆድሽን ነው?" አልኳት።

"ኖ፣ ኖ። ማሚ... አንድ ነገር ልንገርሽ።"

"ንገሪኝ።"

"ጃኬቴን ባቡሩ ውስጥ ረሳሁት። አዲሱን። ኪሱ ውስጥ ደግሞ ያንቺ ሻርፕ ነበረ። ሳልጠይቅሽ ነው የወሰድኩት።"

ያቺ ሻርፕ ለጥምቀት ብቻ የምትወጣ ሻርፕ ናት። ጉሮሮዬ ላይ የመጣውን ዋጥኩት። "እሺ" አልኩ። "ሌላስ?"

ኮሪደሩ ላይ ልጆች ሲጯጯሁ ይሰማኛል።

"ሶሻል ስተዲስ ኤፍ አመጣሁ።"

"ሌላስ?"

"ዛትስ ኢት። ተናደድሽ?"

"አዎ። ማታ በደንብ እቆጣሻለሁ። ስለነገርሽኝ ግን ጎበዝ፣ የኔ ቆንጆ።"

"ኦኬ። ባይ፣ ማሚ" አለች፤ ድምፅዋ ቀለል ብሎ።

ስልኩን ዘግቼ መጥበሻዎቹ መካከል ቆሜ አለቀስኩ፤ ሳቄም አብሮ መጣ። አለቃዬ ሰምቶ ብቅ አለና፣ "ምነው? ምን ሰማሽ?" አለኝ።

"ልጄ ኤፍ አመጣች" አልኩት።

ፊቴን አየ፣ ግራ ገባው፣ ከዚያ እጄን ጨብጦ፣ "ኮንግራቹሌሽንስ" አለኝ።